ዝገት የፈታት ጠሪ

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። በሕዋስያ መንግሥት የተፈራው የደረሰው በጠራራ ፀሐይ ነው። አገሩ ሁሉ ሙቀትና ጉልበት ከሚያገኝበት ከታላቁ እቶን ቀይ ጉም ተነሣ። ድምፅም ሽታም አልነበረውም፤ የነካው ሁሉ ግን ይዝጋል። በገበያ ሲሳሳቁ የነበሩ ሴቶች ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ዝጎ ቆመው ቀሩ።

ናሪፋ ይህን የምታየው ከወፍጮው ደጅ ሆና ነው። ያገሩ ሕግ ጉድ ነው፣ እናንተዬ። በየማለዳው አንድ ጠሪ ሙሉ ሰው ሆኖ ይወለዳል፤ በውስጠኛው አዳራሽ የተኙትን አንጥረኞች መቀስቀስ የሚችል እርሱ ብቻ ነው። ክፉ ካልመጣ ግን ሽማግሌው ዘበኛ ኬያብ እጁን ይዞ ያውልና ሳይመሽ እንዲፈጨው ለወፍጮው ይሰጠዋል። አንጥረኞቹ በከንቱ ተቀስቅሰው ሥራ ሲያጡ ሰዉንም እንደ ብረት ይቀጠቅጡታልና። የዛሬዋ ጠሪ ናሪፋ ናት፤ መሞት አልፈለገችም። አንዲት ምሽት ማየት አምሯታል።

ድንገት የኬያብ ጣቶች ዝገው ከክንዷ ላይ ረገፉ።

«አባቴ፣ ለቀቁኝ?»

«እኔ አልለቀቅሁሽም፤ ጣቶቼ ናቸው። ክፉን ከእኔ ቀድመው የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። ሂጂ፣ ልጄ። ግን ዕወቂ፤ አንቺ በሕይወት ሳለሽ አንጥረኞቹ ተመልሰው አይተኙም።»

ሮጠች። የአዳራሹ ደጅ ለብቸኛ አይከፈትምና ጠዋት በወፍጮው ደጅ የተዋወቀችው ጓደኛዋ ማፌ ተከትሏት መጥቶ አብሯት ገፋው። አንጥረኞቹ ዓይናቸውን ገልጠው ተኝተዋል፤ ደረታቸው አይንቀሳቀስም። ናሪፋን ፍርሃት ወረራት።

«በእቶኑ እምላለሁ፤ አገራችሁ እየዛገ ነው። ተነሡ» አለች።

ሁሉም ባንድ ጊዜ ፊታቸውን ወደ እርሷ አዞሩ።

መዶሻቸውን ይዘው ወጡ። ከመዶሻቸው ሥር ብርማ ሰዎች ተወለዱ፤ ጉሙን እያቀፉ በሰው ፈንታ ዛጉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰማዩ ጠራ። መዶሻው ግን አላቆመም። አንዱ አንጥረኛ የአንዲት ሕፃን ክንድ ይዞ ይለካ ጀመር።

ናሪፋ ያማራት ምሽት መጣ። ጥቂት ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ ወፍጮው ሄደች።

ኬያብ አለቀሰ። «ጣት የለኝም፤ ልይዝሽ አልችልም። ማንም አያስገድድሽም፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ አባቴ። በሩ ይከብዳል፤ በክርንዎ ይያዙልኝ።»

ያዘላት፤ ገባች። መዶሻዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ በገበያው የተረፈው ሕዝብም ድሉ የአንጥረኞቹ መስሎት ያጨበጭብ ጀመር።