ውሸት የሚያስቀር መጽሐፍ

«ውሸት የሚያስቀር መጽሐፍ አላችሁ?»

የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር ይህን የጠየቀው አንድ እግሩን ከደፉ አሳልፎ፣ ሌላውን ኮሪደር ላይ ትቶ ነው። ሰው ሊገባ ሲፈልግ ይገባል፤ ሊያስወጣ ሲፈልግ ግን እንዲህ ግማሽ ግማሹን ይቆማል። ሰበዝ ጠረጴዛው ላይ የደፋችውን ጭንቅላት ብድግ አደረገች። ተኝታ ነበር። ጉንጯ ላይ የመጽሐፍ ጠርዝ ታትሟል።

«ለማን ነው፣ ጋሼ?»

«ለልጄ ነዋ! ለእኔ መሰለሽ?»

ሰበዝ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ቀጭን ስለሆነችና ስትሄድም ቀጥ ብላ ስለሆነ የሕንፃው ልጆች ናቸው እንዲህ የሚሏት። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ድካሟ ግን ልጅ ወልዶ የዳረ ሰው ድካም ነው። እናቷ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ ውላ የምትገባው ሲመሽ ስለሆነ፣ መንታ ወንድሞቿን ማብላት፣ ማጠብ፣ ማስጠናት፣ ውኃ በጄሪካን ከግቢው ማውጣት የእሷ ዕጣ ነው። እቤት ውስጥ ስሟ ሳይጠራ አንድ ገጽ ጨርሳ አታውቅም። መንታዎቹ ከትምህርት ቤት እስኪለቀቁ ባለችው ትርፍ ጊዜ ግን ወደዚህች ክፍል ትመጣለች። እዚህ ማንም ምንም አያዛትም። ታነባለች፤ ካልሆነም ትተኛለች።

ክፍሏ የሕንፃው ቤተ መጻሕፍት ናት። መደርደሪያዎቹን ከተጣለ ጣውላ ያሠራችው፣ መጽሐፉንም ከየቤቱ ለምና የሰበሰበችው ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ትልቁም ትንሹም «ሲስተር» ይላታል። አሁን የሕንፃው ኮሚቴ ክፍሏን ለጀነሬተር ፈልጓታል፤ ቅዳሜ ስብሰባ አለ። ኮሚቴው አምስት ሰው ቢሆንም ሐሳብ ያለው አንድ ሰው ነው። ሊቀመንበሩ እጁን ካነሳ የቀሩት ያነሳሉ። በግ ፊተኛውን አይቶ ነው ገደል የሚገባው።

«ሚጢጢ ምን ዋሸች?» አለች ሰበዝ።

«ምን ያልዋሸችው አለ! ሊፍቱ ይሠራል ትላለች። ሊፍቱ የቆመው እሷ ሳትወለድ ነው፤ መወልወያና ባልዲ ነው የሚቀመጥበት! እሷ ግን ገብቼበት ቁልቁል ወሰደኝ፣ ከምድር ቤቱም በታች ወርዶ እናቴ የምትሠራበት ከተማ አደረሰኝ ብላ ለክፍሉ ልጅ ሁሉ ታወራለች። ዛሬ ጠዋት መምህሯ አስጠራችኝ። ስንት ቀን ከባድ መኪና ስነዳ ከርሜ ስገባ የውሸታም አባት ልባል?» ዓይኑ ደም መስሏል። ካልተኛ ሰነባብቷል። «አንድ መጽሐፍ ምረጡልኝ። ዓርብ ከሰዓት ቤት ነኝ። ልጄን የሚያርም ነገር ካላችሁ፣ ለጀነሬተሩ ሌላ ቦታ ይፈለግለታል። ከሌላችሁ ግን ይቺ ክፍል ለምናችን ናት? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እንተያይ!»

ደጅ የተወው እግሩ ዞረ፣ ያኛውም ተከተለው።

ሲስተር ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «በይ፣ ምረጪለት» አለች።

«እኔ?»

«ከዚህ ቤት ያንቺን ያህል ያነበበ ማን አለ? ልጅቷንም ታውቂያታለሽ። እኔ የማውቀው ጉንፋኗን ነው።» መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች። «ደንቡን ግን እንዳትረሺ። መጨረሻውን ያላየሽውን መጽሐፍ ለልጅ አትሰጪም። የተጻፈበትን ሳያነቡ መድኃኒት ማዋጥ ማለት ነው። እኔ ስንቱን አይቻለሁ!»

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ጓደኛዋ ምክሯን ይዛ ደረሰች። ይቺን ልጅ ራዲዮ ይሏታል፤ ባትሪዋ አያልቅም።

«ይኼ ደግሞ ምን ያስጨንቃል? የሰዓቱን መጽሐፍ ስጪው!»

የሰዓቱን መጽሐፍ ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ልጅ የወርቅ ሰዓት ወድቆ ያገኝና ለባለቤቱ ይመልሳል፤ ይመሰገናል፤ ይሸለማል፤ አለቀ። ልጁ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ጥፍሩ እንኳ አይቆሽሽም።

«ሰውየው ሲያየው በደስታ ያብዳል» አለች ራዲዮ። «ክፍሏ ትተርፋለች፤ አንቺም እዚያች ጠረጴዛ ላይ እንቅልፍሽን ትለጥጫለሽ። ጨርሰሽዋል አይደል? ደንቡም አልተነካም።»

«ሚጢጢስ?»

«ሚጢጢ ምን ትሆናለች? ሁለት ገጽ አንብባ ትተወዋለች። እኔ ራሴ እንደዚያ አይደል ያደረግኩት!»

«እኔ የመሰላሉን አስቤ ነበር።»

ራዲዮ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ኧረ ባክሽ አታካብጂ! ውሸት ይቅርልኝ ለሚል ሰውዬ እየረዘመ የሚሄድ መሰላል ልትሰጪው? ሙድ የያዝሽበት ነው የሚመስለው።»

ራዲዮ እውነቷን ነው። ሰበዝም ታውቃለች። ግን ባለፈው ሳምንት ጄሪካን ተሸክማ ስትወጣ ያየችው ነገር ከዓይኗ አልጠፋ ብሏል። ሚጢጢ ፀጉሯን ተበጥራ፣ ጫማዋን አሥራ፣ በተዘጋው ሊፍት በር ፊት ቆማ ነበር።

«ምን ትሠሪያለሽ?» ብላት ነበር።

«ሊፍቱን እየጠበቅኩ ነው። ዛሬ ሰው በዝቶበታል» አለቻት ልጅቷ፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ አዋቂ ሰው ተሰላችታ። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብላ፣ «እማዬ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ናት። በመስኮት አይቻት እመለሳለሁ» አለች።

በመሰላሉ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ልጅም እንዲሁ ነው። አባቱ ጉድጓድ ሊቆፍር ወርዶ ቀርቷል። ልጁ መሰላል ያገኝና ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥር መሰላሉ ይረዝማል። ታች ከተማ አለ፤ መብራት አለ፤ ከላይ የጠፋ ነገር ሁሉ እዚያ ገበያ ላይ ተዘርግቷል። ሰበዝ ይህን ስታነብ የጄሪካኑ ሸክም ከትከሻዋ ይወርድላት ነበር። ሆኖም የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች አላነበበችም። ለሲስተር እንቅልፍ እያሸነፈኝ ነው ብላለች፤ አልዋሸችም። ግን ደግሞ ፈርታ ነው። ልጁ አባቱን ባያገኝስ? ይህን ሳታውቅ ለሚጢጢ እንዴት ትሰጣለች?

አነበዋለሁ እያለች ቀኑ አለቀ። ማክሰኞ አንደኛው መንታ አተኮሰው፤ ረቡዕ ሁለተኛው «እኔስ?» ብሎ ተከተለ። ሐሙስ የሒሳብ ፈተና ነበር። መጽሐፉን ከፍታ አንዱን አረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ አረፍተ ነገሩም እሷም ባሉበት ቀሩ።

ዓርብ ከሰዓት ራዲዮ መንታዎቹን ልትቀበልላት ተስማማች። ሰበዝ ሁለቱንም መጽሐፍ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የሰዓቱን ከላይ አደረገችው። ልትሰጠው ቆርጣለች። የመሰላሉን ለምን እንደያዘችው ራሷም አታውቅም።

ሊቀመንበሩ የሚኖረው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ግማሽ ላይ ስትደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከአንዱ ቤት ድስት ይንኳኳል፤ ከሌላው ሕፃን ያለቅሳል። እዚያ ስሟን የሚጠራ የለም። እጇ ከቦርሳው ውስጥ የላይኛውን አልፎ የታችኛውን መጽሐፍ አወጣ።

ልጁ አባቱን አያገኝም።

አባትየው ከከተማውም አልፎ፣ ልጅ ሊወርድበት በማይችል ሌላ መሰላል ሄዷል። ልጁ የአባቱን ኮፍያ ከገበያው አንስቶ፣ ያንን የረዘመ መሰላል ሁሉ መልሶ ይወጣዋል። ሰበዝ እዚህ ስትደርስ ተናደደች። «ይኼን ሁሉ ወርዶ?» አለች ጮክ ብላ። በደረጃው የምታልፍ ሴትዮ ዞር ብላ አየቻትና ራሷን ነቅንቃ ወጣች።

አንድ ገጽ ይቀራል። እናትየው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብላ የመሰላሉን ጫፍ ይዛ ኖሯል። አትቆጣም፣ የት ነበርክ አትልም። ልጁ ያየውን ሲነግራት ውሸት ነውም እውነት ነውም አትለውም። «ከዚያስ?» ትለዋለች። እሱ ይነግራታል፤ እሷም ደግሞ ስለ አባቱ እሱ የማያውቀውን ትነግረዋለች። ሲነጋ ገና አልጨረሱም። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

ሰበዝ አላለቀሰችም። አፍንጫዋን ግን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ተነሥታ የቀረውን ደረጃ ወጣች።

ሊቀመንበሩ በሩን የከፈተው በአንድ እግሩ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ በሌላው ባዶ እግሩን ነው። ከኋላው ያልታጠቡ ብርጭቆዎች፣ ወንበር ላይ የተከመረ ልብስ፣ ጠረጴዛ ሥር ደግሞ በሆዷ ተኝታ ሥዕል የምትሥል ሚጢጢ ይታያሉ።

«ዘገየሽ።»

«እያነበብኩ ነበር፣ ጋሼ።»

«ሳታነቢ ልትሰጪኝ ኖሯል?»

ሊቀመንበሩ እጁን ዘረጋ፤ በእጇ የያዘችውን ሰጠችው። ጀርባውን ማንበብ ሲጀምር መጽሐፉን ከዓይኑ አራቀ፣ መልሶ አቀረበ።

«ጉድጓድ… የሚረዝም መሰላል…» ቀና አለ። «አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ? ውሸት የሚያስቀር አልኩሽ እንጂ ውሸት የሚያስተምር አልኩሽ?»

«ውሸት አያስቀርም፣ ጋሼ።»

«እና ምን ያደርግልኛል?»

«ሊፍቱ ሲደርስ ከዚያ ምን እንደምታይ ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

«ምኑን ነው የምጠይቀው? መወልወያ ነው ያለበት!»

«እዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት እናት ትጠይቃለች።»

«እኔ እናት አይደለሁም» አለ ሊቀመንበሩ። ንግግሩ ሲወጣ ቁጣ ነበር፤ ወጥቶ ሲያልቅ ግን ቁጣ አልነበረም። ወደ ጠረጴዛው ሥር አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጁ የሚፈልገውን ያገኛል?»

ውሸት ቢያስፈልግ እዚህ ጋ ነበር። «አያገኝም» አለች ሰበዝ።

«እንዲህ ያለውን ነው ለልጄ የምታመጪው?»

«ብቻዋን እንድታነበው አይደለም። አብራችሁ እንድታነቡት ነው።»

ሰውየው ግድግዳውን ተደገፈ። ወዲያው እንደ መንቃት ብሎ መጽሐፉን መለሰላት። «ነገ ስብሰባ እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው በዚህ የእኔን ድምፅ አታገኙም። ልንገርሽ፤ በኋላ ሰው አታለለን እንዳትሉ።»

የሰዓቱ መጽሐፍ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ዚፑን መሳብ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። «ይቅርታ ጋሼ፣ ተሳስቼ ነው፤ የእርስዎ ይኼኛው ነው» ብትል ሰውየው ይስቃል፤ ሲስተር መደርደሪያዋ ይተርፍላታል፤ ራዲዮ «አላልኩሽም?» ትላለች። ሰበዝም ሰኞ ጭንቅላቷን የምታሳርፍበት ቦታ ይኖራታል። እጇ ዚፑ ላይ ደረሰ። ጣቶቿ ከጄሪካኑ እጀታ የተነሣ ገመድ ገመድ ሆነዋል።

ሚጢጢ ከጠረጴዛው ሥር አንገቷን አወጣች። «መሰላሉ እስከ የት ነው የሚረዝመው?»

ሰበዝ እጇን ከዚፑ አነሣች። ቦርሳውን በር ሥር አስቀመጠችው።

«ካመጣሁት አይቀር የመጀመሪያውን ምዕራፍ ላንብብላት፣ ጋሼ?»

«ደስ ያለሽን አድርጊ» አለ ሊቀመንበሩ። «እኔ ደክሞኛል። ብርጭቆ ላጥብ።» ከጠረጴዛው ላይ የቻለውን ያህል በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ጓዳ ገባ።

ሰበዝ ልብስ የሌለበት ወንበር ፈልጋ አጣች። መሬት ላይ ተቀመጠች። ሚጢጢ መጥታ ተለጠፈችባት፤ እጇ የእርሳስ ቀለም ነው። መጽሐፉን ገለጠች። ድምፅዋ የሳምንቱን ሁሉ ድካም ይዞ ሻካራ ሆኖ ወጣ። የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሳ ሁለተኛውን ጀመረች። በጓዳ ውኃ ይፈሳል፤ ብርጭቆ ይንቀጫቀጫል። ከዚያ ውኃው ቆመ። ብርጭቆውም ቆመ።

«ጮክ በይ እንጂ!» አለ ሊቀመንበሩ ከውስጥ። «ከመሀል ነው የሰማሁት።»

ሰበዝ ጉሮሮዋን ጠረገች። ገጹን ወደ ኋላ መልሳ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች።