የጠርሙሱ ጋዝ

ሀኒፋ ጠርሙሱን ስታነሳው ውስጡ ተንቦጫረቀ። ትናንት ባዶ ይመስል ነበር፤ ባዶ መምሰልም ነበረበት። ያሸገችበት የሻማ ሰም ተልጦ፣ አፉ በጨርቅ ተወትፏል። ሽታው የኩራዝ ጋዝ ነው።

«ሞላሁልሽ እኮ» አለች እናቷ ሰሚራ ከጓዳ ብቅ ብላ። «ነገ ደብረ ታቦር ይዘሽው የምትሄጅው እሱ አይደል? ጋዝ ብለሽ ጽፈሽበት ባዶውን አየሁት። ልጄ ባዶ ጠርሙስ ይዛ ሄዳ ትፈር? ለማታ ያስቀመጥኳትን ገለበጥኩልሽ።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ማንም አላነበበልኝም። ራሴ ነኝ ያነበብኩት።»

ሰሚራን ክረምቱን ሙሉ ፊደል ያስቆጠረቻት ሀኒፋ ናት።

የሀኒፋ ጋዝ ግን ሌላ ነበር። ከአርብ ገበያ በታች ካለው ረግረግ ጭቃውን በዱላ እየነካካች፣ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ቁልቁል ደፍታ፣ ቡልቅ ከሚለው አረፋ ያጠመደችው ነው። ሚቴን ይባላል፤ በዓይን አይታይም፣ ጠርሙሱ ሲከፈትም ያመልጣል። የፊዚክስ መምህሯ ተስፋሁን እንዳስረዷት፣ ከሳተርን ጨረቃዎች በአንዷ ብርዳም አየር ውስጥም አለ። እዚያ ሄዶ አየሩን የሚቀዳ ሰው የለም። ሳይንቲስቶች ግን እዚሁ ምድር ላይ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጋዙን አቀዝቅዘው ብርሃን ያሳልፉበታል። ጋዙ ከብርሃኑ የሚውጠው ድርሻ አለው፤ የዋጠበት ቦታ መስመር ሆኖ ይቀራል። ከሩቅ በመጣው ብርሃን ላይ ያው መስመር ከተገኘ፣ ጋዙ እዚያም አለ ማለት ነው።

የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ይህን መስመር የሚያሳየውን መሣሪያ ለተማሪዎች የሚከፍተው ነገ ብቻ ነው። ናሙና ያልያዘ አይገባም። ረግረጉ ደግሞ ከደረቀ ሰንብቷል። የሰውን ልፋት ውሃ በላው ይባላል፤ የሀኒፋን የበላው ጋዝ ሆነ።

ጠርሙሱን ይዛ ወደ ጓደኛዋ ወደ እሌኒ ሮጠች።

«እጠቢውና እንደገና አሽጊው» አለች እሌኒ። «አየር ብቻ ይኑረው። መሣሪያው ምንም ሲያጣ፣ መንገድ ላይ ተንፍሶብኝ ነው ትያለሽ። ማን ይነቃል?»

«ቲቸርስ?»

«ቲቸር ያዝንልሻል እንጂ ምን ይልሻል? አታካብጂ አቦ።»

ሀኒፋ አሰበችው፤ በጣም አሰበችው። ቢያንስ መሣሪያውን በዓይኗ ታየው ነበር። ሌት ተቀን ያለመችው እሱን ነው። ግን እዚያ ቆማ የሌለ ጋዝ መስመር ስትጠብቅ ራሷን በሐሳቧ አየችና ጠርሙሱን አንስታ ወጣች።

መምህር ተስፋሁንን በራቸው ላይ አገኘቻቸው።

«ቲቸር፣ ጋዙ የለም።»

ጠርሙሱን ተቀብለው አሸተቱት። «ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ ስሙን አሟልቼ ያልጻፍኩት። ሚቴን ማለት ነበረብኝ።»

ጠርሙሱን መለሱላት። «አያስገቡሽም፣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ የከርሞ ሰው ይበለን» አሉ። ከርሞ ግን መሣሪያው ይከፈት አይከፈት እሳቸውም አያውቁም። ሀኒፋ ወደ ቤቷ እያለቀሰች ተመለሰች። የሚያጽናና ነገር ብትፈልግ አንድም አጣች።

ቤቱ ጨልሟል። መብራት የለም፤ ሰሚራ ባዶ ኩራዟን አጠገቧ አድርጋ ተቀምጣለች።

«መምህሩ አዩት? ይበቃል አሉ?»

«ጉዞው ቀርቷል፣ እማ።» ለእሷ ቀርቷልና አልዋሸችም። ጋዙን ወደ ኩራዙ ገልብጣ ክብሪት ጫረች።

ሰሚራ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ በጣቷ ፊደሎቹን ተከተለች። የልጇን ያበጡ ዓይኖች አየች።

«በእኔ ነው እንዴ? ተሳስቼ አንብቤው ይሆን?»

ሀኒፋ ጠርሙሱን ከእጇ ወስዳ መደርደሪያው ላይ መለሰችው።

«አልተሳሳትሽም» አለቻት። «ጋዝ ነው የሚለው።»