የእንዳላማው ሰንሰለት

የከብት ሐኪሙ እንዳላማው የሞተው እሑድ ረፋድ ላይ፣ ከዲማ ወደ አምበር ሲመለስ ነው። ቁልቁለቱ መሐል የሞተር ሳይክሉ ሰንሰለት ወለቀና የኋላ ጎማውን ቀረቀረው፤ ሰውዬው ከነሞተሩ ገደል ገባ።

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር የብርጓል ከደብረ ማርቆስ ስትደርስ፣ የአምበር ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ መሣሪያ የታጠቁ ዘጠኝ ወንዶች ቆመዋል። ውስጥ የታሰረው ጋራዥ ያለው ባዘዘው ነው። ሰንሰለቱን ያሰረው እሱ ስለሆነ፣ የሟች ዘመዶች ገዳያችን ይሰጠን ብለዋል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እስከዚያ ካልተሰጣቸው ጥሰው ሊገቡ ነው። ጣቢያው ውስጥ ደግሞ ያሉት ሦስት ፖሊሶች ብቻ ናቸው።

«ደም መላሹ እኔ ነኝ» አላት የሟች ታላቅ ወንድም አማረ፣ መንገዷን ዘግቶ። «አንቺ ወረቀትሽን ጻፊና ሂጂ።»

«እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ ግን አሳልፈኝ» አለችና በጎኑ አለፈች። ንቀቱ አንገብግቧታል፤ ግን ንዴት ሥራ አያሠራም።

ባዘዘው ጥግ ይዞ ተኮራምቷል።

«እንዳላማውን ትጠላው ነበር አሉ?» አለችው።

«አዎ፣ እጠላው ነበር። ሰንሰለት በየአምስት መቶ ኪሎ ሜትሩ አጥባችሁ፣ ገና ሳይቀዘቅዝ ቀቡት፣ ሁለት ጣት ያህል ይርገብ እያለ አገሩን ሁሉ አስተማረ። አዲስ ሰንሰለት የሚገዛኝ ጠፋ። ግን የጠላሁትን ሁሉ ብገድል አምበር ሰው አይተርፍም ነበር! የሰንሰለቱን ጫፍና ጫፍ የሚይዘውን ክሊፕ ካሰርኩት አሥራ አምስት ቀኔ ነው።»

የሟች ሚስት ሶልያና ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው።

«ከእኔ ይልቅ ለዚያ ሰንሰለት ይሳሳ ነበር» አለች። «ዘይቱን እንኳ ወንበሩ ሥር ነው የሚቆልፍበት። ቁልፉ ካንገቱ አይወርድም። ጠዋት ጠዋት፣ መንገድ ሳይጀምር በፊት፣ የሰንሰለቱን ዓይን አንድ በአንድ ያያል። ቅዳሜ ተጣልተን ነው የሄደው። እኔንም ጻፊኝ ከፈለግሽ።»

አማረ ሲጠየቅ አልተቀመጠም።

«ለአባታችን ሙት ዓመት ቅዳሜ ዲማ ቤቴ መጣ። እንደ ደረሰ ሰንሰለቱን በላምባ አጥቦ ቀባ። ውኃ ያቀበልኩት እኔ፣ ጨርቅ ያቀበልኩት እኔ! ወንድሜ ነው!»

«ከዚያ ወዲያ ማን ነካው?»

«ማንም። እሑድ እሱም ሌላውም ሁሉ ቅዳሴ ሄደው ሲመለሱ፣ እህል እንኳ ሳይቀምስ ተነሣ።»

«አንተስ?»

«ከብት የሚጠብቅ ጠፍቶ ቀረሁ። ይኸ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?»

የብርጓል ወረቀቷን አጣጥፋ ተነሣች። የተሰባበረው ሞተር ሳይክል ወደ ተጣለበት ጓሮ ወጣች። አባቷ ብስክሌት ጠጋኝ ስለነበሩ እንዲህ ያለ ነገር ለእሷ እንግዳ አይደለም። ሰንሰለቱ ዳር እስከ ዳር ወፍራም ጥቁር ዘይት ጠጥቷል። ክሊፑ ከነበረበት ግራና ቀኝ ያሉት አራት ዓይኖች ብቻ ቀጭን፣ ወርቃማ ዘይት አዝለዋል። በነጭ ጨርቅ ጠረገቻቸው፤ አሸተተች። የወንበሩ ሥር ቁልፍ አልተነካም።

ስምንት ሰዓት ላይ አራቱን አንድ ክፍል ሰበሰበቻቸው፦ ባዘዘውን፣ ሶልያናን፣ አማረንና የወንድማማቾቹን አጎት መሪጌታ አካለ ወልድን። ጨርቁን ለመሪጌታ ሰጠች።

«ያሽትቱልኝ አባቴ።»

«ኑግ ነው» አሉ ሽማግሌው ወዲያው። «በሁዳዴ ይኸን የማያውቅ አፍንጫ የለም።»

«ከክሊፑ አጠገብ ነው ያገኘሁት። እንዳላማው ሰንሰለቱን ቅዳሜ አጥቦ በዚያ በወፍራሙ የማርሽ ዘይት ቀባው፤ አማረ ራሱ አይቷል። ኑጉ የተቀባው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው። ክሊፑን ያላላው ሰው እጁ ዘይቱን ጠራረገው፤ ቦታው ደረቅ ሆኖ ቀረ። ያን ደግሞ ሟቹ ሲነሣ ያየዋል። መሸፈን ነበረበት። የሟቹ ዘይት ተቆልፏል፤ ስለዚህ ከጓዳ ያገኘውን ቀባ።»

ወደ ባዘዘው ዞረች።

«ይኸ ሰው ዘይት ውስጥ የሚኖር ነው። ኑግ ምን ያደርግለታል? እሱም ሶልያናም ሁለቱን ቀን ከአምበር አልወጡም፤ ጎረቤት መስክሯል።»

«ኑግ በየቤቱ አለ!» ብሎ ጮኸ አማረ።

«አለ፤ በየቤቱ አለ። ሞተር ሳይክሉ ግን እሑድ ጠዋት የቆመው አንድ ቤት ነው። ሁሉም ቅዳሴ ሲሄድ እዚያ ግቢ የቀረውም አንድ ሰው ነው።»

አማረ አጎቱን አየ፤ ሽማግሌው ዓይናቸውን አላነሡለትም። አማረ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ።

«የእናታችንን መሬት ማክሰኞ ለክፍፍል ሊያስለካ ነበር» አለ። «ሃያ ዓመት ያረስኩትን! ይሰበራል አልኩ እንጂ… እግሩ ይሰበራል አልኩ እንጂ…»

ሶልያና አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ያ ደረቅ ዓይኗ አሁን አነባ።  እውነቱ መገኘቱ ደስ የሚለው ከሩቅ ለሚሰማው ሰው ነው፤ የብርጓልን ግን ደስ አላሰኛትም።

መሪጌታ ወደ በሩ ወጥተው ለታጠቁት ነገሯቸው። 

«እንግዲህ ደሙን ከማን ልንመልስ ነው?» አለ ከታጠቁት አንዱ።

«ከራሳችን» አሉ መሪጌታ። «ሂዱ፣ መቃብር ቆፍሩ።»

ባዘዘው በመሐላቸው አልፎ ወጣ። አንዳቸውም ይቅርታ አላሉትም፤ እሱም አልጠበቀም።