ሦስት ተኩል ዙር

ዶሪን በአባቷ ጋራዥ ግራሶ በጠጣ ቱታዋ ከመኪና ሥር ብቅ ስትል ደንበኞቹ «አባትሽ የሉም?» ይሏት ነበር። ይህ ጥያቄ ትሕትና የለበሰ ስድብ ነው። ግማሹ ሕዝብ እንጀራውን ከመኪና ፋብሪካ በሚያገኝበት በኮቨንትሪ ከተማ፣ ሴት ቡሎን ስታጠብቅ ያየ ወንድ ሁሉ ተአምር ያየ ይመስለዋል። አሥር ዓመት ይህን ስትሰማ ኖራለችና፣ ሥራሽ ልክ አይደለም ለሚላት ሰው ምላሷ ምላጭ ነበር።

ክሊፎርድ ግን አንድ ቀን እንኳ አባቷን ጠይቆ አያውቅም። ሁለት መቀመጫ ያላትን አሮጌ ስፖርት መኪናውን ይዞ የመጣ ዕለት፣ ከኋላ በኩል እንደምታፏጭ የነገረው ለዶሪን ነው። የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፍሬንሻል አልቆ ነበር። መለዋወጫ እስኪገኝ ሰባት ቅዳሜ ተመላለሰ። የዓሣና የድንች ጥብስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣል፤ ትንሽ ያወራል፣ ብዙ ዝም ይላል። ዶሪን ያን ዝምታ ሳምንቱን ሙሉ ትናፍቀው ጀመር።

መለዋወጫው በመጣበት ቅዳሜ፣ በሰሜን ባሕር ነዳጅ የሚያወጣ ድርጅት እንደቀጠረውና ሰኞ ወደ አበርዲን እንደሚሄድ ነገራት። መልካም ነው አለችው። ሌላ ምን ትበል? እንዳይሄድ ትለምነው ዘንድ ኩራቷ አይፈቅድም፤ እሱም «አብረሽኝ ነይ» የሚል አንደበት አልነበረውም።

ዲፍሬንሻል ከመገጠሙ በፊት ዙሩ ይቆጠራል፤ የጋራዡ ሕግ ነው። አንዱ ጎን ተይዞ ሌላው ሁለት ጊዜ ሲዞር፣ ለረጅም መንገድ የሚሆነው የፊት ዘንጉ ሦስት ተኩል ጊዜ ይዞራል። አራት ከዞረ ለዳገት የተሠራ ነው፤ በአውራ ጎዳና ላይ ሞተሩን ያስጮኸዋል። ዶሪን ከፊት ባለው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች። እሱ አንዱን ጎን አጥብቆ ያዘ፣ እሷ ሌላውን ሁለት ጊዜ አዞረች፤ አንገታቸውን አቀርቅረው አብረው ቆጠሩ። ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

«ሦስት ተኩል» አለች።

ክሊፎርድ ዘንጉን ትቶ እሷን ያይ ነበር። «አራት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ አይሆንም፣ ዶሪን። ሌላ እስኪገኝ ልቆይ ነው።»

ደሟ ፈላ። «አንተም? ከነዚያ ሁሉ አንተም? መቁጠር የማልችል መሰለህ?»

ፊቱ ቀላ። እሷም ዲፍሬንሻሉን ብቻዋን በክሪክ አንሥታ ገጠመች፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀች፣ ዘይት ሞላች። ቁልፉን ስትሰጠው እጁን እንዳትነካ ተጠነቀቀች። አመስግኗት ሄደ።

አባቷ ሲድ ጥግ ላይ ሻይ እየጠጣ ሁሉንም ሰምቷል።

«ያ ልጅ ማርሽ እየነደፈ የሚኖር መሐንዲስ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ሦስት ተኩልና አራት ይምታታበታል፣ አንቺ ሞኝ?»

ዶሪን መፍቻውን ጣለች። ሮጣ ብትወጣም መንገዱ ባዶ ነበር።

ሰኞ አለፈ። ሁለት ቅዳሜም አለፈ፤ በጋራዡ በር ላይ ጥላ ባረፈ ቁጥር ቀና ትላለች፣ ሌላ ሰው ይሆናል። በሦስተኛው ሳምንት፣ በዕድሜዋ «ተሳስቻለሁ» ብላ የማታውቀው ሴት ፖስታ ቤት ሄዳ፣ ካርድ ገዝታ፣ በአበርዲኑ ድርጅት አድራሻ ጻፈች፦

«ልክ ነበርክ። አራት ነው። መኪናዋን ይዘህ ና።»