የቋጥኟ እመቤት ፊት

ዶን ፕላሲዶ የሞተው በዓሉ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዕድሜውን ሙሉ ባገለገላት የቋጥኟ እመቤት በምትባለው የእመቤታችን ምስል እግር ሥር ነው። ልብሷን ሊቀይርላት በሚወጣበት መሰላል አጠገብ፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ተገኘ። የምስሏ የወርቅ ዘውድም የለም። «ሲሰርቅ ወደቀ፤ ዘውዱን ግብረ አበሩ ይዞት ጠፋ» የሚለው ወሬ የኩቻፓታን መንደር ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

ባለቤቱን ዶኛ ፍሎሪንዳን ከሞቱ ይልቅ ያንገበገባት ይህ ነበር። አባ ኢሳኤል ነገሩ እስኪጣራ አስከሬኑ ለፍትሐት ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ ከልክለዋል። ከጎኗ ያልተለየው አበልጇ ዶን ኦልጋሪዮ ብቻ ነው፤ ምስሏን በዓል በዓል የሚሸከሙት ሰዎች አለቃ። እንባዋን እሱ ጠረገላት።

ከከተማ የመጣችው መርማሪ ሬሜዲዮስ ቶሪኮ የማትቸኩል ሴት ነበረች። መሰላሉን አየት አድርጋ ተወችው፤ ምስሏ ጋ ግን ቆየች። የእመቤታችን ፊት በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከኋላ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል።

«ባለቤትዎ ሲያለብሳት ፊቷን ይሸፍን ነበር?»

«ኧረ እያወራት ነው የሚያለብሳት» አለች ፍሎሪንዳ። «እኔንማ ‹ጨው አነሰው› ካለኝ በቂዬ ነው።»

መርማሪዋ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችና መለሰችው። ከዚያ ሰዎቹን ለየብቻ አነጋገረች። አባ ኢሳኤል ገና መምጣታቸው ነው፤ የዚህን አገር በዓል አይተው አያውቁም። የምስሏን ልብስ የምትጠልፈው የኤውላሊያ ቀኝ እጅ በጀሶ ታስሯል። ፕላሲዶ እጁ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ እመቤታችንን የማልበሱን አገልግሎት ለእሷ ሊያወርሳት እንደነበር ተናገረች። ኦልጋሪዮ የአበልጁን ደግነት ሲያወራ ቆይቶ፣ «ሰው ነውና ተፈትኖ ይሆናል» አለ። ፍሎሪንዳን ይህቺ ቃል ወጋ አደረገቻት።

ከሰዓት በኋላ ሬሜዲዮስ ሁሉንም ምስሏ ፊት ሰብስባ ጨርቁን ፈታችው። ጉንጯ ላይ የደረቀ የደም ፍንጣቂ ነበር።

«ጨርቁ ግን ንጹሕ ነው» አለች። «ደሙ ሲረጭ ፊቷ ገና አልተሸፈነም ማለት ነው። የሞተ ሰው ደግሞ አይሸፍንም። የሸፈናት ገዳዩ ነው። ዶኛ ፍሎሪንዳ፣ በበዓሉ ሰልፍ እመቤታችን ቄራው በር ላይ ስትደርስ ምን ይደረጋል?»

ፍሎሪንዳ መልሱ ወዴት እንደሚወስድ ገባት።

«ደም እንዳታይ ፊቷን ይሸፍኑላታል።»

«ማን?»

«የተሸካሚዎቹ አለቃ።»

«አባ ልማዱን አያውቁም። ኤውላሊያ በአንድ እጇ ይህን ቋጠሮ አትቋጥርም። ልማዱ ያለበት እጅ ግን ሰው ገድሎም አይረሳም። ዘውዱን ተሸካሚዎቹ ትከሻቸው ላይ ከሚያደርጉት ትራስ ውስጥ አግኝቼዋለሁ፤ ትራሱን የሚሰፋው አለቃው ራሱ ነው።»

ኦልጋሪዮ አልካደም። «እሷን ማልበሱን ቃል የገባው ለእኔ ነበር» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜያት፣ ፊቷን ለመሸፈን ካልሆነ አንድ ቀን በቅርብ አላየሁም። ለኤውላሊያ ሰጣት። ከዳኝ።»

«መግደሉንስ ገደልከው» አለች ፍሎሪንዳ፣ «ሌባ ማሰኘቱ ለምን አስፈለገ?»

«አለዚያ እንደ ቅዱስ ሊቀብሩት ነዋ።»

አባ ኢሳኤል አንገታቸውን ደፍተው አስከሬኑ እንዲገባ አዘዙ። ፍሎሪንዳ ግን የጓጓችለትን ትእዛዝ የሰማችውም አትመስልም። ኦልጋሪዮ ፊት ቆመች።

«ልጄን ክርስትና ያነሳህበት እጅ ነው ባሌን የጣለው» አለችው። «ቤት ስገባ ‹የክርስትና አባቴ የት ሄደ?› ትለኛለች። አንተው ንገረኝ፣ ምን ልበላት?»