ጥሩምባው ዝም የሚልባቸው በሮች

«ጥሩምባው መቼም ከዚህ ቤት አልወጣም» አሉ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ዲሳሳ፣ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ። «እስቲ አስታውሺ ሕሊና። አባትሽ ከመታመሙ በፊት የት ነበር የሚያስቀምጠው?»

«አላየሁትም» አለች ሕሊና።

ጥሩምባው በዚያች ሰዓት ከጋሽ ዲሳሳ ጀርባ ባለው ክፍል፣ ከአልጋዋ ሥር፣ በጆንያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የደበቀችው አባቷ በተቀበረ ማግስት ነው። ለምን እንደደበቀችው ግን ለራሷም አልገባትም። አንዳንዴ ሌላ ሰው እንዳይነፋው ብዬ ነው ትላለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ድምፁን ዳግመኛ ላለመስማት ነው ትላለች። እናቷ ውድነሽ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ረጅም ጊዜ ተመለከተቻት።

«ጥሩምባስ ከአሶሳ ይገዛል» አሉ ጋሽ ዲሳሳ። «መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው ያጣነው። ትናንት ገመቺስ ያደረገውን ሰምታችኋል።»

ያልሰማ የለም። ገመቺስ በባምባሲ ጎዳናዎች ባጃጅ የሚነዳ የሊቀመንበሩ የልጅ ልጅ ነው። ሰው ባረፈ ጊዜ እድርተኛውን እንዲጠራ ሲላክ፣ ባጃጁ ላይ ሞንታርቦ ጭኖ ወጣ። ከአዴ ብሪቱ በር ላይ ሲደርስ ሞተሩ ጠፋበት። እሱ ሞተሩን ሲያስነሣ ሞንታርቦው «አርፈዋል፣ አርፈዋል» ማለቱን አላቆመም። አሮጊቷ አዴ ብሪቱ ከታመሙ ሰንብተዋል። ሰፈርተኛው ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወደ ግቢያቸው ጎረፈ፤ ድንኳን የሚተክሉትም እንጨት ተሸክመው ደረሱ። አዴ ብሪቱ በከዘራቸው ተደግፈው ብቅ አሉና፣ «ደግ አደረጋችሁ፤ ቤቱን አወቃችሁት፤ በቀኑ አትቸገሩም» አሏቸው።

ጋሽ ዲሳሳ ይህን ሲተርኩ ውድነሽ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ሕሊና ግን አልሳቀችም። መንገዱን የሚያውቅ ሰው እንዳለ፣ እሱም ራሷ መሆኗን ታውቅ ነበርና።

አባቷ ታረቀኝ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ እየሠራ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው ነበር። ጥሩምባውን ግን ማንም ሳያስገድደው ተሸከመው። ሳይነጋ ተነሥቶ ሲወጣ ሕሊና አልጋዋ ላይ ሆና ድምፁን በጆሮዋ ትከተለዋለች፤ አሁን ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረሰ፣ አሁን ከመስጊዱ ወዲያ ዞረ፣ አሁን በማንጎዎቹ ሥር ወረደ። በየመካከሉ ድምፁ ይቋረጣል። ሻይ ሲጋብዙት፣ ወሬ ሲይዝ ነው እያለች ትናደድ ነበር። በስምንተኛ ክፍል ፈተና ዕለት ጠዋት በብስክሌት ሊያደርሳት ቃል ገብቶላት ነበር። በር ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ጥሩምባው ከሩቅ ይሰማል፤ ከዚያ ዝም አለ። በእግሯ ሮጣ ደረሰች። ማታ ይቅርታ ጠየቃት፤ ፊቷን አዞረች። በእሱ ለቅሶ ሁሉም ሰው «የሁላችን አባት» ሲል፣ ታዲያ የእኔ ድርሻ የቱ ነው ብላ ልትጠይቅ ፈልጋ አፈረች።

ከሰዓት በኋላ እናቷ ወተት አስይዛ ወደ አዴ ብሪቱ ላከቻት። አሮጊቷ ከአልጋቸው ቀና ብለው ጉንጯን ሳሟት።

«አባትሽ ቢኖር እንዲህ ያለ ጉድ አይደርስብኝም ነበር» አሉ። «እሱ እኔ በር ጋ ነፍቶ አያውቅም። ታማሚ ይደነግጣል ይላል። በመስኮት ቀስ አድርጎ ያንኳኳና፣ ‹አዴ፣ እገሌ አርፈዋል፤ እርስዎ ይተኙ› ይለኛል። እርጉዝ ያለችበት በርም፣ ሐዘን የሰነበተበት በርም እንደዚሁ ነው።»

ሕሊና የወተቱን ጣሳ እንደያዘች ቀረች። ሻይና ወሬ የመሰሏት ዝምታዎች ሁሉ በልቧ ቦታቸውን ለወጡ። የፈተናው ዕለት የነበረው ዝምታስ የማን በር ነበር?

«የእኛስ በር?» አለች። «በእኛ መንገድ አንድ ቀን ነፍቶ አያውቅም።»

«አንቺ እንዳትነቂ ነዋ።»

መንገድ ላይ ያገኘቻቸው ጋሽ ዲሳሳ ደግሞ፣ «ሰው ሞትን ወደ ገዛ ደጁ አይጠራም» አሏት። እናቷን ጠየቀቻት። ውድነሽ ሽንኩርት መላጧን አቁማ አሰበች። «እኔ እንጃ። አንድም ቀን አልጠየቅኩትም» አለች። ሕሊና የቱን እንደምታምን አላወቀችም። ሁሉንም ብታምን ደግሞ ቁጣዋን የት እንደምታስቀምጠው አላወቀችም።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ገመቺስ በሩን አንኳኳ። ባጃጁ ደጅ ቆሟል፤ ሞንታርቦው የለም።

«የወፍጮ ቤቱ ጋሽ ኪዳኔ አርፈዋል» አለ። «አያቴ ‹ሂድ ጥራ› አለኝ። ሕሊና፣ ሰፈሩ ሙሉ ሙድ ይዞብኛል። ‹የአዴ ብሪቱ ገዳይ› ነው የሚሉኝ። ቢያንስ የት የት ዝም እንደሚባል ንገሪኝ።»

 ሕሊና ዛሬ ጠዋት የሒሳብ ፈተና አለባት። ቢሆንም ወደ ክፍሏ ተመልሳ ጆንያውን ይዛ ወጣችና ጥሩምባውን አውጥታ ሰጠችው።

«ለአያቴ አላየሁትም አላልሽም እንዴ?»

«ብዬ ነበር። ለአያትህ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለች። «ባጃጁን እዚሁ ተወው፤ በእግር ነው የሚኬደው። ስንጨርስ ትምህርት ቤት ታደርሰኛለህ።»

«ቃሌ ነው።»

«ቃልህን ተወውና አድርሰኝ።»

የገመቺስ የመጀመሪያው ድምፅ የታመመ በሬ ይመስል ነበር። ከንፈሩን እንዴት አጥብቆ እንደሚይዝ አሳየችው፤ ሕፃን ሳለች አባቷ ያሳያትን። ከወፍጮ ቤቱ ጀምረው ዞሩ። እሱ ይነፋል፣ ስም ይጠራል፤ እሷ በጆሮዋ የምታውቀውን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሯ ትሄዳለች። አዴ ብሪቱ ጋ ሲደርሱ እጇን በጥሩምባው አፍ ላይ አኖረች፤ ገመቺስም ወደ መስኮቱ ሄዶ በጣቱ አንኳኳ።

በመጨረሻ ወደ ራሷ መንገድ ታጠፉ። የአባቷ ቀርከሃ አሁንም በአጥሩ ሥር ተከምሯል፤ ጫፉ መሻገት ጀምሯል።

«እዚህስ?» አለ ገመቺስ ጥሩምባውን ከፍ አድርጎ።

ሕሊና መልሱን አታውቅም። የሚያውቀው ሰው የለም። ጥሩምባውን ከእጁ ተቀብላ በጆንያው ውስጥ አስገባችው፤ በጥንቃቄ የግቢውን በር ከፈተችና ወደ እናቷ መስኮት ተጠጋች። በጣቷ ቀስ አድርጋ አንኳኳች።

«እማዬ» አለች። «ጋሽ ኪዳኔ አርፈዋል። አንቺ ተኚ።»