አትፋቁ ያለን ሰውዬ

የእህቴ የኢክላስና የሙባረክ ፍቅር በጭቅጭቅ ነው የተጀመረው። ምስክሯ እኔ ነኝ፤ ጥፋተኛዋም እኔው።

ኢክላስ ደባርቅ መናኸሪያ በር ላይ የወይራ መፋቂያ ትሸጣለች። እኔ ታናሿ ዚነት ደግሞ መፋቂያውን በአስር በአስሩ አስራለሁ። አንድ ጠዋት ነጭ ጋዋን የለበሰ መለሎ ወጣት አጠገባችን ጠረጴዛ ዘረጋና ለፈፈ።

«ነገ ለጥናቱ ምራቅ የምትሰጡ፣ ጠዋት እንዳትፋቁ! አፋችሁንም እንዳትጉመጠመጡ!»

ኢክላስ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አንተ! ንግዴን ልትዘጋ ነው የመጣኸው?»

«ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው፣ እህቴ።»

«እህትህ ቤትህ ነች!»

ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ሳይነቅል አያት። ቀድማ አንገቷን የደፋችው እሷ ነች። ኢክላስ! ከሹፌር ጋር ተሰዳድባ የማታፍረዋ! ያኔውኑ ነቃሁ።

«ምራቅ ምን ያደርግልሃል?» አለችው ቀስ ብላ።

«አፍ ውስጥ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይኖራል። ጉሮሮ ላይ ካንሰር ሲጀምር አንዳንዱ ይበዛል፣ አንዳንዱ ያንሳል። ያንን ነው የምናየው። ቁርጡን የሚናገረው ግን በካሜራ ያየ ሐኪም ነው።»

የእህቴ ፊት ተለወጠ። አባባ፣ ጠይብ ይባላል፣ ሃያ ዓመት መስጊዳችን ውስጥ አዛን ሲያደርግ የኖረ ሰው ነው። ከክረምት ወዲህ ድምፁ ሻከረ፤ ኋላም ጭራሽ ሄደ። ጎርሶ ሲውጥ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ጎንደር እንውሰድህ ስንለው በሹክሹክታ «ብርድ ነው» ብሎ ይዘጋናል።

«አባቴን ላምጣው?»

«አምጪያቸው። እኔው ራሴ እቀበላቸዋለሁ።»

በማግስቱ ልንወጣ ስንል አባባ እጄን ይዞ አንሾካሾከ። «ዚነትዬ፣ ያደረ አፍ ይዤ ሰው ፊት ልቅረብ? ነውር አይደለም?»

አሳዘነኝ። ከእህቴ ሸቀጥ አንዲት መፋቂያ መዝዤ ሰጠሁት። ጥርሱን ሙልጭ አድርጎ ፋቀ፤ ሦስቴም ተጉመጠመጠ። ሙባረክ «ተፍቀዋል?» ሲለው፣ አባባ ድምፅ የለውምና እኔ ቀደም ብዬ «ኧረ በጭራሽ!» አልኩ። አባባ መሬት መሬት አየ።

ከዚያ በኋላ ሙባረክ በየሁለት ቀኑ ከሚሠራበት ከዳባት ጤና ጣቢያ እየመጣ መፋቂያ ይገዛ ጀመር።

«ይሄ ሰውዬ ስንት ጥርስ ነው ያለው?» አልኳት እህቴን።

«አርፈሽ እሰሪ!» አለችኝ፣ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ወረቀት ይዞ መጣ፤ ፊቱ ልክ አልነበረም። «ኢክላስ፣ የአባትሽ ናሙና ምንም አይነግረንም። ባክቴሪያው በጣም ጥቂት ነው። ምናልባት ያን ቀን ተፍቀው ይሆን?»

«አባቴን ውሸታም ልታደርገው ነው? ሃያ ዓመት አዛን ያደረገ ሰው! ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ!»

የገዛትን መፋቂያ መደቡ ላይ ትቶ ሄደ። እኔ አፌን ለጎምኩ።

በሳምንቱ ምሳ ላይ አባባ በሻይ የራሰ ዳቦ እንኳ አልወርድ ብሎት አነቀው። ወላሂ፣ የገደልኩት መሰለኝ። «መፋቂያውን የሰጠሁት እኔ ነኝ!» ብዬ አለቀስኩ። ኢክላስ እጇን አነሳች፤ ግን አልመታችኝም። በክንዴ ጎትታ ሚኒባስ ውስጥ ከተተችኝ። ዳባት ድረስ ክንዴን አልለቀቀችም።

ሙባረክን ጤና ጣቢያው በር ላይ አገኘነው።

«ያን ቀን ያልኩህ…»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ከቀረህ ጀምሮ መናኸሪያው ሰው የሌለበት ሆኖብኛል።»

ተያዩ። እኔ ግቢ ውስጥ ያሉትን ዶሮዎች መቁጠር ጀመርኩ። አስራ አንድ ናቸው።

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ። «ዚነትን ግን ከመፋቂያው አርቂያት።»

ሁለተኛው ናሙና ተናገረ። ይበዛሉ የተባሉት በዝተው ተገኙ። ሙባረክ አባባ እግር ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ «ካንሰር ነው ማለት አይደለም፣ ጋሽ ጠይብ። ግን ዛሬ ነገ ሳይሉ ጎንደር ሄደው ሐኪም ይይዎት» አለው። እኛ ስንት ወር የለመንነውን አባባ፣ በአንድ ቃል እሺ አሰኘው።

ጎንደር ካሜራ ያለበት ቀጭን ቱቦ በጉሮሮው ሰደዱ። ነበረ። ካንሰሩ ነበረ፤ ግን ከምስር ፍሬ አይበልጥም፣ ገና አልተስፋፋም። ቆርጠው አወጡት። «እንኳን ቶሎ መጣችሁ» አለን ሐኪሙ። ኢክላስ ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች፤ እያለቀሰች ሳቀች፣ እየሳቀች አልሃምዱሊላህ አለች። ሙባረክ ውሃ ገዝቶላት አጠገቧ ቆመ። ልትቀበለው ስትል ጣታቸው ተነካካ፤ ጠርሙሱ ወደቀ። ያነሳሁት እኔ ነኝ።

የሙባረክ ሽማግሌዎች ኢክላስን ሊጠይቁ ሲመጡ አባባ ገና አይናገርም ነበር። «ለኒካው ወኪል ያቁሙ» አሉት። ወረቀት አስመጥቶ ጻፈ፦ «በራሴ አፍ ነው የምድራት። ጠብቁኝ።»

አራት ወር ጠበቁት።

የኒካው ጠዋት ሙባረክ ከኢክላስ መደብ አንዲት መፋቂያ ገዝቶ ለአባባ ሰጠው። «ዛሬ እንደልብዎ ይፋቁ።» አባባ ተፋቀ። ከዚያ የሙባረክን እጅ ያዘና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄን ኢክላስን ድሬልሃለሁ።»

ድምፁ ዘይት እንዳጣ በር ይሻክራል። ግን ኋላ የተቀመጡት ሁሉ ሰሙት። እኔ ደግሞ ጓዳ፣ ከኢክላስ ጋር፣ ከኋላም ኋላ ነበርኩ።